«ምሳሌ» ስለሚባለው ቃል፤ ልዩ ልዩ ትርጕሙና አገልግሎቱ



መጽሐፍ ቅዱስን በማኅበር የምናጠና ሰዎች አንድን ቃል ብዙ ጊዜ ስለ ሰማነው ብቻ ያወቅነው ይመስለናል። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው «ምሳሌ» የሚለው ቃል እንደዚህ ካሉት ቃላት አንዱ ነው። ሕፃናት ሳለን ከወላጆቻችን አፍ ሰምተነዋል፤ በትምህርት ቤት መምህሩ «ለምሳሌ» እያለ አስረድቶናል፤ በጸሎት ቤትም ሰባኪው በየሰንበቱ ያነሣዋል። ነገር ግን «ምሳሌ ምንድር ነው?» ተብለን በድንገት ብንጠየቅ፥ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡ አይመስለንም።

ይህን ጥናት እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ የደጋ ማኅበር የእሑድ አምልኮ ከተፈጸመ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሰባኪውን ሊያነጋግሩ ወደ ኋላ ቀሩ። እኒህ እናት ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በጥቂት መሬት ምክንያት ከባላቸው ዘመዶች ጋር ተካስሰው፥ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። በዚያ ቀን የተሰበከው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተጻፈው የዓመፀኛው ዳኛና የመበለቲቱ ነገር ነበረ። እናቲቱም፥ «መምህር፥ እግዚአብሔር እንደዚያ ዳኛ ነው እንዴ? እስኪሰለቸኝ ድረስ ካልነዘነዝሁት አይሰማኝም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰባኪውን ብዙ ሰው ይጠብቀው ነበርና፥ «አይ እናቴ፥ እርሱ እኮ ምሳሌ ነው» ብሎ በፈገግታ አለፈ። እናቲቱም ጥቂት ዝም ብለው ቆሙና፥ «እንግዲያስ ዳኛው ምሳሌ ብቻ ከሆነ፥ እግዚአብሔር ይፈርድልሻል የተባለውም ምሳሌ ብቻ ይሆናላ» አሉ። እኛም በአጠገባቸው ቆመን ይህን ሰምተን ሳለ፥ የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን።

ሰባኪው «ምሳሌ» ያለው በአንድ ትርጕም ነው፤ እናቲቱ የሰሙት ግን በሌላ ትርጕም ነው። በሁለቱ መካከል የአንዲት ነፍስ ተስፋ ሊወድቅ ደረሰ። ስለዚህ ይህ ቃል በአገራችን አነጋገር፥ በብሉይ ኪዳን፥ በሐዲስ ኪዳንም ምን ምን ሥራ እንደሚሠራ በየተራው እንመልከት፤ በመጨረሻም ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለሳለን።

1ኛ. በአገራችን አነጋገር

«ምሳሌ» የሚለው ቃል «መሰለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ምስል፥ አምሳል፥ አምሳያ፥ ተመሳሳይ የሚሉትም ከዚሁ ግሥ ወጥተዋል፤ ደግሞም አስመሳይ የሚለው ቃል የእነዚሁ ወንድም ነው። እንግዲህ እውነትን የሚያሳየው ምስልና እውነትን የሚሰውረው አስመሳይ ከአንድ ሥር በቅለዋል። ከዚህም የተነሣ፥ አንድ ነገር ሌላውን ይመስላል በተባለ ጊዜ ሁሉ፥ «በምን ይመስላል? እስከ ምን ድረስስ ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ቃሉ ቢያንስ አራት አገልግሎት አለው። ፊተኛው፥ ከብዙ ነገር መካከል አንዱን አንሥቶ ማስረዳት ነው። መምህሩ «በደጋ የሚበቅል እህል፥ ለምሳሌ ገብስ» ቢል፥ ገብስ ራሱ የደጋ እህል ነው፤ ምሳሌ የተባለው ነገር ከዋናው ነገር አንድ ክፍል ነው። ሁለተኛው፥ «ተረትና ምሳሌ» የምንለው አጭር የጥበብ ቃል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሽማግሌ ስለ ፈትል ማስተማሩ አይደለም፤ ተለያይተው የሚጣሉትን ጎረቤቶች ማስታረቁ ነው። በዚህ ጊዜ ምሳሌው ከዋናው ነገር የተለየ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ ይመስለዋል። ሦስተኛው፥ ሰው ሊከተለው የሚገባ አርአያ ነው፤ «ለልጆችህ ምሳሌ ሁን» ስንል እንደዚህ ማለታችን ነው። አራተኛው ግን ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ሕፃናት ጭቃ ጠፍጥፈው «እንጀራ ነው» ቢሉን፥ «ምሳሌ ነው እንጂ እውነተኛ እንጀራ አይደለም» እንላለን። እዚህ ላይ ምሳሌ ማለት ሊበላ የማይችል፥ ቢጨብጡት ባዶ የሆነ ነገር ማለት ነው። እናቲቱ ከሰባኪው አፍ የሰሙት ይህን አራተኛውን ነበረ።

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ጠጁን ብንተወው እንኳ፥ የብርሌው ትምህርት ይጠቅመናል። ብርሌ ከጠርሙስ የተሠራ ስለ ሆነ በውስጡ ያለውን ያሳያል፤ ደግሞም እንዳይፈስስ ይይዘዋል። ብርሌው መጠጡ አይደለም፤ ብርሌ ባይኖር ግን መጠጡ ለእንግዳው አይደርስም። ምሳሌም እንዲሁ ነው። ብርሌውን ሊበላ የሚነሣ ሰው ጥርሱን ይሰብራል፤ ብርሌውን እንደ ከንቱ ነገር የሚወረውርም የያዘውን ሁሉ ያፈስሳል። በምሳሌ አተረጓጐም የሚደርሰው ስሕተት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚወድቅ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

2ኛ. በብሉይ ኪዳን

በዕብራይስጥ ቋንቋ «ማሻል» የሚባል ቃል አለ። ይህ ቃል ከግእዙ «ምሳሌ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በዐረብኛም «መሠል» ተብሎ ይገኛል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ አንባቢ በዚህ ነገር ለነቢያቱ ቋንቋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ማሻል በብሉይ ኪዳን የሚሠራው ሥራ እጅግ ብዙ ነው። የሰሎሞን መጽሐፍ በዚህ ቃል ይጠራል፤ ይኸውም በአጭር ቃል የተነገረ ጥበብ ማለት ነው። በግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ፥ የፊተኛው ክፍል «ምሳሌ»፥ የኋለኛው ደግሞ «ተግሣጽ» ይባላል። ሕዝቡ በአፉ የሚመላልሰው አባባልም ማሻል ነው፤ ሳኦል ከነቢያት ጋር በታየ ጊዜ የወጣው የሕዝብ ተረት (1ኛ ሳሙ. 10፥12)፥ አባቶች ስለ በሉት ጎምዛዛ የወይን ፍሬ የተነገረው አባባልም (ሕዝ. 18፥2) በዚሁ ስም ይጠራሉ። በለዓም በባላቅ ፊት ያሰማው የትንቢት ንግግር ማሻል ተብሏል (ዘኍ. 23፥7)። ኢዮብ በመከራው መካከል የተናገረው ረጅም ንግግርም እንዲሁ ተብሏል (ኢዮ. 27፥1)። ኢሳይያስ በባቢሎን ንጉሥ ላይ የሚነሣው የመዘባበቻ ቅኔ ማሻል ነው (ኢሳ. 14፥4)። ሕዝቅኤልም ስለ ሁለቱ ንስሮችና ስለ ወይኑ ግንድ የተናገረው እንቈቅልሽ ማሻል ነው (ሕዝ. 17፥2)።

ከዚህም በላይ አንድ ሕዝብ ራሱ ማሻል ሊሆን ይችላል። በዘዳግም ምዕራፍ 28 ቍጥር 37 እስራኤል ቃል ኪዳኑን ቢተው በአሕዛብ መካከል ማሻል እንደሚሆን ተነግሮአል፤ ይኸውም ሰው ሁሉ መከራውን እያነሣ የሚተርትበት፥ ሌላውን የሚያስጠነቅቅበት ማለት ነው። አስፈሪ ቃል ነው፤ ነገር ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በመንደራችንም ሀብቱን በክርክር የጨረሰ ሰው ስሙ ለተረት ሲቀር አይተናል።

ደግሞ ስሙ ሳይጠራ ነገሩ የሚገኝበት ስፍራ አለ። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ቆሞ፥ ንጉሥ ስለ ፈለጉት ዛፎች ሲናገር (መሳ. 9፥7-15)፥ ነቢዩ ናታንም ስለ ድሀው ሰው አንዲት በግ ለዳዊት ሲነግረው (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7) ማሻል የሚለው ቃል አልተጻፈም፤ ሆኖም ሁለቱም ያለ ጥርጥር ምሳሌዎች ናቸው። የናታንን ልብ እንበል። ነቢዩ ወደ ንጉሡ ገብቶ ወዲያው «በድለሃል» ቢለው፥ ንጉሡ ለመከላከል ይዘጋጅ ነበር። በጉ የተወሰደበትን ድሀ ባሳየው ጊዜ ግን ዳዊት ስለ ሌላ ሰው የሚፈርድ መስሎት በራሱ ላይ ፈረደ። ስለዚህ ምሳሌ የማይገባን ነገር እንዲገባን ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የገባንን ነገር ግን ልንሰማው የማንወድደውን ደግሞ በሌላ በር ወደ ልባችን ያስገባዋል። በአገራችንም የቀድሞ ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ነገራቸውን በተረትና በምሳሌ ያቀርቡ የነበረው ይህን ኃይል ስላወቁ ነው።

3ኛ. በግሪክ ቋንቋና በወንጌል

ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ ቋንቋ የተረጐሙት ሊቃውንት ማሻል የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ፓራቦሌ» ብለው ተረጐሙት። ይህ ቃል አንዱን ነገር በሌላው አጠገብ ማኖር፥ ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ፓራቦሌን ከማስረጃ ዓይነቶች ይቈጥረዋል፤ ከእንስሳት ተረት ግን ይለየዋል። ያመጣውም ማስረጃ፥ ገዢዎችን በዕጣ መምረጥ በውድድር የሚሮጡትን ሰዎች በችሎታቸው ሳይሆን በዕጣ እንደ መምረጥ ነው የሚለው ነው። እንግዲህ በግሪኮች ዘንድ ፓራቦሌ የክርክር መሣሪያ ነበረ።

የዚህ ቃል ጉዞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ወደ ላቲን ቋንቋ ገብቶ «ፓራቦላ» ተባለ፤ ከዚያም ትርጕሙ እየሰፋ ሄዶ በፈረንሳይኛ «ፓሮል»፥ በጣልያንኛ «ፓሮላ»፥ በእስፓንኛ «ፓላብራ» ሆኖ፥ ያለ አንዳች ተጨማሪ «ቃል» ወይም «ንግግር» ማለት ሆነ። ተማሪዎቻችንም በሒሳብ ትምህርት ፓራቦላ የሚባለውን ጎባጣ መስመር ያውቁታል፤ እርሱም ከዚያው ከግሪኩ ቃል የመጣ ነው። አንድ ቃል ከነቢያት ትንቢት ጀምሮ እስከ ሒሳብ መጽሐፍ ድረስ ሊደርስ ከቻለ፥ በአንድ ትርጕም ብቻ ልናስረው እንዳይገባን ግልጥ ነው።

በሐዲስ ኪዳን ፓራቦሌ 50 ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ከዕብራውያን መልእክት ሁለቱ ስፍራዎች በቀር ሌላው ሁሉ በማቴዎስ፥ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል ነው። ብዙዎቻችን ምሳሌ በተባለ ጊዜ ስለ ዘሪው የተነገረውን ያለ ረጅም ታሪክ ብቻ እናስባለን። ወንጌላውያኑ ግን ቃሉን እንደ ዕብራይስጡ ማሻል አስፍተው ይጠቀሙበታል። ሐኪም አስቀድሞ ራሱን እንዲፈውስ የሚናገረው አጭር ተረት ፓራቦሌ ተብሏል (ሉቃ. 4፥23)። ሰውን የሚያረክሰው ከውስጡ የሚወጣው ነው የሚለው ከባድ ቃልም ፓራቦሌ ተብሏል (ማር. 7፥17)። ዕውር ዕውርን ስለ መምራቱ የተነገረው (ሉቃ. 6፥39)፥ ስለ በለስ ቅጠል ማቈጥቈጥ የተነገረው (ማር. 13፥28)፥ በሰርግ ቤት የከበሬታን ስፍራ ስለ መምረጥ የተሰጠው ምክርም (ሉቃ. 14፥7) ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን ፓራቦሌ የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጠቀምበትም። እርሱ «ፓሮይሚያ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ስለ በጎች በረት የተነገረውን (ዮሐ. 10፥6) በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ጌታችን በመጨረሻው ሌሊት በተሰወረ አነጋገርና በግልጥ አነጋገር መካከል በለየ ጊዜም (ዮሐ. 16፥25) የተጻፈው ይኸው ቃል ነው። በሰባ ሊቃናት ትርጕም የሰሎሞን መጽሐፍ ርእስም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው።

4ኛ. በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ

አሁን ወደ እጃችን መጽሐፍ እንምጣ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው፥ ብዙዎቻችን የምናነብበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ምሳሌ» በሚለው በአንዱ ቃል ብዙ የተለያዩ ቃላትን ተርጕሞበታል። ፓራቦሌም ፓሮይሚያም «ምሳሌ» ተብለዋል። ከእነርሱ በቀር የሚከተሉትን ስፍራዎች ተመልከቱ።

ሀ) በዘፍጥረት 1፥26 ሰው በእግዚአብሔር መልክና ምሳሌ እንደ ተፈጠረ እናነብባለን፤ በዘፍጥረት 5፥3 ደግሞ አዳም በምሳሌው ልጅ ወለደ። እዚህ ላይ ምሳሌ ማለት መምሰል ነው፤ ልጅ አባቱን እንደሚመስል ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱሳችን በመጀመሪያው ገጽ የሚገኘው የሰውን ክብር ሊናገር ነው።

ለ) በዮሐንስ 13፥15 ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ ምሳሌ እንደ ሰጣቸው ይናገራል፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ለሚያምኑት ምሳሌ እንዲሆን ያዝዘዋል (1ኛ ጢሞ. 4፥12)። ይህ አርአያ ማለት ነው፤ የሚፈታ ሳይሆን የሚደረግ ነው።

ሐ) በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥6 በምድረ በዳ የወደቁት አባቶች ለእኛ ምሳሌ ሆነዋል፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያ ነው። የእነርሱ ታሪክ በእውነት የተደረገ ነው፤ ምሳሌ ስለ ተባለ አልተደረገም ማለት አይቻልም።

መ) በገላትያ 4፥24 ሐዋርያው የአጋርንና የሣራን ነገር ምሳሌ ብሎ ሁለቱን ኪዳኖች ያስረዳበታል። በዕብራውያን 9፥9 የድንኳኑ ሥርዓት ስለሚመጣው ነገር የተሰጠ ምሳሌ ነው።

ሠ) በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥21 ጥምቀት የኖኅን ውኃ በሚመለከት ምሳሌ ተብላለች፤ ደግሞም በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሁን እንደምታድን ተነግሮአል። አንባቢው «ምሳሌ» የሚለውን እንደ ሕፃናቱ የጭቃ እንጀራ ቢወስደው፥ የዐረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ክፍል ማጥፋቱ ነው። ሐዋርያው የሚናገረው ስለ መመሳሰል ነው፤ ያ ውኃና ይህ ውኃ ይመሳሰላሉ፤ በዚያ ስምንት ነፍስ ድነዋል፥ በዚህም እንድናለን።

እነሆ፥ በአንድ ቃል ውስጥ መልክ፥ አርአያ፥ ማስጠንቀቂያ፥ ጥላ፥ ተረት፥ እንቈቅልሽና ታሪክ አብረው ያድራሉ። ይህ የተርጓሚዎቹ ጉድለት አይደለም፤ ቋንቋችን ራሱ ቃሉን ሰፊ አድርጎ ፈጥሮታል። ነገር ግን ቤቱ ሰፊ ከሆነ፥ የምንፈልገው ሰው በየትኛው ክፍል እንዳለ ጠይቀን መግባት አለብን።

5ኛ. ምሳሌን ስለ መተርጐም

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ምሳሌን በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመዋል። ከ354 እስከ 430 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የኖረው አውግስጢኖስ የደጉን ሳምራዊ ነገር ሲያብራራ፥ ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው አዳም፥ ወንበዴዎቹ ዲያብሎስና መላእክቱ፥ ሳምራዊው ጌታችን፥ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ የቤቱ ጠባቂ ሐዋርያው ጳውሎስ፥ ሁለቱ ዲናር ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት ናቸው አለ። ይህ ሁሉ ለእምነት የሚስማማ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሕግ አዋቂው ጌታን የጠየቀው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ነበር፤ የተሰጠውም ትእዛዝ ሄዶ እንዲሁ እንዲያደርግ ነበር። ዲናሩን ስንቈጥር በመንገድ የወደቀውን ሰው እንዳንረሳው ያስፈራል። በዚያው ዘመን የነበረው ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን በማቴዎስ ወንጌል ላይ ሲሰብክ፥ በምሳሌ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቃል መመርመር እንደማያስፈልግ፥ የተነገረበትን ዓላማ መያዝ ግን እንደሚገባ አስተምሮአል።

ሉተርም የቃሉን ግልጥ ትርጕም አስቀድሞ መያዝ እንደሚገባ አጥብቆ አስተማረ። በ1529 በማርቡርግ ከዝዊንግሊ ጋር በተከራከረ ጊዜ ጉዳዩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ዝዊንግሊ በጌታ እራት ቃል ውስጥ ያለውን «ነው» የሚለውን «ያመለክታል» ብሎ ወሰደው፤ ሉተር ግን ቃሉን በጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። የሉተር ትምህርት፥ ምሳሌ ያልሆነውን ነገር ጽሑፉ ራሱ ሳያስገድደን ምሳሌ እንዳንለው ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው መምህር አዶልፍ ዩሊኸር፥ እያንዳንዱ የጌታ ምሳሌ አንድ ዋና ነጥብ ብቻ እንዳለው በሰፊው ጻፈ። በ1935 ሲ. ኤች. ዶድ፥ በ1947 ዮአኪም ዬሬሚያስ ምሳሌዎቹ መጀመሪያ ለማን፥ በምን ጊዜ እንደ ተነገሩ መረመሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ደግሞ የዩሊኸርን ሕግ እንደ ብረት ቀንበር አላደረጉትም፤ በወንጌል የዘሪው ምሳሌ (ማር. 4፥13-20) የእንክርዳዱም ምሳሌ (ማቴ. 13፥36-43) ነገሩ በየክፍሉ ተፈትቶ ይገኛልና።

በአገራችን ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ይሰጣል። በቅኔ ደግሞ ሰምና ወርቅ አለ፤ ሰሙ በላይ የሚታየው፥ ወርቁ ከውስጥ የተሰወረው ነው። ብዙ ሰው የጌታን ምሳሌ እንደ ሰምና ወርቅ ይፈታዋል። በጥቂቱ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል። የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ሊቀበል ሲሮጥ ያየነው ግን፥ ትርጕሙን ካወቅን በኋላም ከዐይናችን አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አንፈልግም። ስለዚህ ብርሌው ከሰሙ ይልቅ የቀረበ ንጽጽር ይመስለናል።

6ኛ. አራት የጥናት ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ የተነሣ፥ በጥናት ጊዜ ምሳሌ የሚለውን ቃል ስናገኝ አራት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ ቃሉ በዚህ ስፍራ የትኛውን ሥራ ይሠራል? መልክ ነው፥ አርአያ ነው፥ ተረት ነው ወይስ ታሪክ? ሁለተኛ፥ ለማን ተነገረ፥ በምንስ ምክንያት? ወንጌላዊው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በመግቢያው ይጽፈዋል። ሦስተኛ፥ ሁለቱ ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ፥ በምንስ ይለያያሉ? አራተኛ፥ ምሳሌው የሚያልቀው የት ላይ ነው፥ ግልጡ ቃልስ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

7ኛ. ወደ እናቲቱ ጥያቄ

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሉቃስ 18፥1-8 እንመለስ። ይህ ምሳሌ በታሪክ መልክ የተነገረ ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ቍጥር ተጽፎአል፤ ደቀ መዛሙርቱ ሳይታክቱ ሁልጊዜ እንዲጸልዩ ነው። የሚመሳሰሉት መበለቲቱና የሚጸልዩት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከሌላ ስፍራ ረዳት የላቸውምና። ዳኛውና እግዚአብሔር ግን የቀረቡት ስለሚመሳሰሉ አይደለም፤ እጅግ ስለሚለያዩ ነው። ያ ዳኛ እግዚአብሔርን የማይፈራ፥ ሰውንም የማያፍር፥ መበለቲቱንም የማይወድድ ሲሆን በመጨረሻ ከፈረደላት፥ የመረጣቸውን የሚወድድ ጌታማ ምንኛ ይበልጥ አይፈርድላቸውም! በመንፈቀ ሌሊት ስለ መጣው ወዳጅና ለልጁ ዓሣ ስለሚሰጠው አባት የተነገረውም (ሉቃ. 11፥5-13) በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚወጣ ማስረጃ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ግን ለእናቲቱ ከሁሉ የሚበልጥ መልስ ይዞአል። ምሳሌው በቍጥር 5 ላይ ያልቃል። በቍጥር 6 ጌታ ዳኛው ያለውን እንድንሰማ ያዝዘናል፤ በቍጥር 7ና 8 ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ይናገራል፤ በዚያም ዳኛ የለም፥ መበለትም የለችም። የፍርዱ ተስፋ ያለው በዚህ ነው። ከምሳሌው ውጭ፥ በጌታ በራሱ ግልጥ ቃል የተሰጠ ነው። እንግዲህ «ዳኛው ምሳሌ ከሆነ ተስፋውም ምሳሌ ነው» ማለት አይቻልም። ዳኛው የብርሌው ነው፤ ተስፋው ግን ብርሌው ይዞ ያመጣልን ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ እናቲቱ ቤት ሄደን፥ ያን ዕለት ዝም ስላልን ይቅርታ ጠይቀን፥ ክፍሉን ከመጽሐፉ ቀስ ብለን አነበብንላቸው። በቍጥር 5 ላይ ቆም አልንና፥ «እናታችን፥ ምሳሌው እዚህ አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጌታ በግልጥ የተናገረው ነው» አልናቸው። እርሳቸውም፥ «እስቲ ከዚህ በኋላ ያለውን ድገሙልኝ» አሉ፤ ደገምንላቸው። ሦስተኛም አስነበቡን። ከዚያም፥ «ይህንማ ያን ጊዜ አልሰማሁትም ነበር፤ ዳኛው ላይ ቀርቼ ነው» አሉ። የመሬታቸው ክርክር በዚያ ቀን አላለቀም፤ በማግስቱም ቀጠሮ ነበራቸው። ነገር ግን ማታ ከመለያየታችን በፊት ጸሎቱን የጀመሩት እርሳቸው ነበሩ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በማኅበር የምታስተምሩ ሁሉ «ምሳሌ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፥ የሚሰማችሁ ሰው ቃሉን በየትኛው ትርጕም እንደሚቀበለው ጥቂት አስቡ። በጥድፊያ የተባለ አንድ ቃል የደከመውን ሰው ሊጥለው ይችላል፤ በትዕግሥት የተፈታ አንድ ቃልም ያነሣዋል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በዮሐንስ 13፥15 እና በዮሐንስ 10፥6 «ምሳሌ» የሚለው ቃል ያለው የትርጕም ልዩነት ምንድር ነው?

2. ናታን ለዳዊት ነገሩን በግልጥ ከመናገሩ በፊት በምሳሌ የተናገረው ለምንድር ነው? እኛስ ይህን መንገድ መቼ ልንጠቀምበት ይገባናል?

3. በሉቃስ 16፥1-9 ጌታ ዓመፀኛውን መጋቢ አመሰገነው። ደቀ መዛሙርቱ እርሱን እንዲመስሉት የሚፈለገው በምንድር ነው? በምንስ እንዳይመስሉት ይፈለጋል?

4. በመንደራችሁ ከሚነገሩት ተረትና ምሳሌዎች አንዱን ምረጡና፥ በአራቱ ጥያቄዎች መርምሩት።